ግድግዳውን ከመጣላችን በፊት እንድናየው ፍቀዱልን

ለግንባታ ፈቃድ ሰጪ ቢሮዎችና ለታሪካዊ ቤቶች ጥበቃ ባለሙያዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ የቢሮ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

የአንድ አሮጌ ቤት ባለቤት ነኝ። ቤቱ ከ140 ዓመት በላይ ሆኖታል። ሲሠራ ለአንድ ቤተሰብ ነበር። በኋላ ጊዜው ተለወጠና ተከፋፈለ። እኔ ስገዛው ሰባት የኪራይ ክፍሎች፣ ሰባት የኤሌክትሪክ ቆጣሪዎችና አምስት ትንንሽ ኩሽናዎች ነበሩት። ወደ አንድ ቤተሰብ መኖሪያነት ልመልሰው አራት ዓመት ሙሉ ስደክም ቆይቻለሁ። ገና አላለቀም።

የምጽፍላችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ ነው። እንዲህ ላለው ቤት ፈቃዱን በሁለት ደረጃ ስጡን። መጀመሪያ የመመርመሪያ ፈቃድ፣ ቀጥሎ የመሥሪያ ፈቃድ። ለምን እንደሆነ ከራሴ ላይ ከደረሰው ልጀምር።

ማመልከቻ ሳስገባ የተጠየቅሁት የተሟላ ፕላን ነው። የሚፈርሰው ግድግዳ በቀይ፣ የሚቀረው በጥቁር፣ አዲስ የሚሠራው በሰማያዊ ተሰምሮ እንዲቀርብ። ጥያቄው በራሱ ክፋት የለውም። ግን ያን ጊዜ እኔም አርክቴክቱም ቤቱን የምናውቀው ላይ ላዩን ብቻ ነበር። ግድግዳው ሁሉ አንድ ዓይነት ነጭ ቀለም ተቀብቷል። ወለሉ ከዳር እስከ ዳር ሊኖሊየም የሚባል የወለል ንጣፍ ለብሷል። ኮርኒሱ በቦርድ ዝቅ ተደርጎ ተሸፍኗል። የትኛው ግድግዳ ከቤቱ ጋር እንደተሠራ፣ የትኛው ለኪራይ ሲባል እንደተጨመረ ለማወቅ ትንሽ መክፈት ያስፈልግ ነበር። ለመክፈት ደግሞ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃዱ ፕላን ይፈልጋል። ፕላኑ ማወቅን ይፈልጋል። በቅጹ ላይ «ገና አልታወቀም» የሚል ቦታ የለም። ስለዚህ ገመትን።

ከገመትናቸው አንዱ በምድር ቤት፣ በሳሎኑና በኋለኛው ክፍል መካከል ያለው ግድግዳ ነበር። በሩ አዲስ ይመስላል። ሳሎኑም የጠበበ ስለመሰለን ድሮ ሁለቱ አንድ ሰፊ ክፍል ነበሩ አልን። በቀይ ተሰመረ። ማኅተም ተመታበት። ሠራተኞቹ ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀባቸውም፤ ጣሉት።

በማግስቱ ጠዋት አናጢው አንድ ባልዲ ይዞ መጣ። ከፍርስራሹ የለቀመው ምስማር ነው። ጥቂቱን በመዳፉ ላይ ዘርግቶ አሳየኝ። ክብ አይደሉም። ጎናቸው አራት ማዕዘን ነው፣ ወደ ጫፋቸው እየቀጠኑ ይሄዳሉ፣ ጫፋቸው ግን ሹል ሳይሆን ዱልዱም ነው። «ይኼ እኮ የቤቱ የራሱ ግድግዳ ነው» አለኝ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። እኔም የምለው ጠፋኝ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ዛሬ የምናውቀው ክብ ምስማር የሚሠራው ከሽቦ ነው። በሰፊው የተለመደው ከ1890ዎቹ ወዲህ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ከዚያ በፊት፣ አብዛኛውን 19ኛ ክፍለ ዘመን፣ ምስማር በማሽን ከብረት ሉክ ላይ እየተቆረጠ ይወጣ ነበር። ከዚያም በፊት አንጥረኛ አንድ በአንድ ይቀጠቅጠው ነበር። የእኛን ቤት የከፋፈሉት ሰዎች የመጡት በ1950ዎቹ ነው። የእነሱ ግድግዳ በሙሉ በክብ ምስማር የተመታ ነው። እኛ የጣልነው ግን ከቤቱ ጋር የተወለደውን ነበር። ከበሩ መቃን አጠገብ የአውራ ጣት ስፋት ያህል ልስን ብናነሳ ኖሮ ይህን በአሥር ደቂቃ እናውቅ ነበር።

ጉዳቱ በዚህ አላበቃም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከላይ ያለው መኝታ ክፍል በር አልዘጋ አለ። ከሥሩ የኮርኒሱ ልስን ተሰነጠቀ። ግድግዳው ለካስ የላዩን ወለል ተሸክሞ ኖሯል። ይህ ነገር ከድሮ ግድግዳ ብቻ የሚመጣ አይደለም። ክብደት እንዳይሸከም ታስቦ የተሠራ መከፋፈያ እንኳ በጊዜ ብዛት ተሸካሚ ሊሆን ይችላል። የላይኛው ወለል እንጨት እየሰገደ ሲመጣ ግድግዳው ላይ ያርፋል። ፕላን ላይ ቢታይ «ቀላል መከፋፈያ» ነው። ሲነሳ ግን ወለሉ ይከተለዋል። በፍርሃት ያሳለፍነውን ያን ሌሊት አልረሳውም፤ ጊዜያዊ ድጋፍ እስክናቆም ድረስ ማንም ወደ ላይ አልወጣም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ በክፍል ቁጥር 4 ለ19 ዓመት ተከራይተው የኖሩ አንዲት እናት ቤቱን ሊያዩ መጡ። ግድግዳው የነበረበት ባዶ ቦታ ላይ ቆሙ። «ይኼን ለምን አነሳችሁት ልጄ?» አሉኝ። «የድሮው ግድግዳ እኮ እሱ ብቻ ነበር። በሌሎቹ በኩል ጎረቤት ሲያስል ይሰማኛል። በዚህ በኩል ግን ምንም አይሰማም ነበር።»

ልክ ናቸው። የድሮው ግድግዳ አሠራሩ ሌላ ነው። ቀጫጭን እንጨቶች ትንሽ ትንሽ ክፍተት እየተተወላቸው በአግድም ይመታሉ። በላያቸው ኖራና አሸዋ ከእንስሳ ፀጉር ጋር ተቦክቶ ይለሰናል፤ ብዙ ጊዜ ሦስት እጅ። የመጀመሪያው ልስን በክፍተቶቹ ውስጥ ገብቶ ከኋላ ይታጠፍና ሲደርቅ እንደ መንጠቆ ይይዛል። እንዲህ ያለው ግድግዳ ከባድ ነው፤ ድምፅን በደንብ ያፍናል። ስስ ቦርድ ግን ሳልን አያስቀርም። እኚህ እናት መሐንዲስ አይደሉም። ግን 19 ዓመት በጆሯቸው ያጠኑትን ቤት እኛ በቀይ እስክሪብቶ ጣልነው። ቀድሜ ፈልጌ ባነጋግራቸው ኖሮ ያ ግድግዳ ዛሬ በቆመ ነበር። ይህ ጥፋት የራሴ ነው፤ በማንም ላይ አላላክከውም።

ቤቶች የሚከፋፈሉት በክፋት አይደለም። ትልቅ ቤት ብዙ ሠራተኛ ይፈልግ ነበር፤ ያ ዘመን አለፈ። ባለቤት ሞተ፣ ወራሾች በዙ። ጦርነት መጣ፣ ቤት ጠፋ፣ ሰው ከተማ ውስጥ ተጨናነቀ። በአየርላንድ ዋና ከተማ በደብሊን ያለውን የሄንሪታ ጎዳና ቁጥር 14 ቤት ተመልከቱ። በ1740ዎቹ መጨረሻ ለባለጸጋ የተሠራ ቤት ነው። በ1877 ለድሆች ኪራይ ተከፋፈለ። በ1911 ቆጠራ መቶ ሰው ይኖርበት ነበር። የመጨረሻዎቹ ቤተሰቦች የወጡት በ1970ዎቹ መገባደጃ ነው። በ2018 ሙዚየም ሆኖ ሲከፈት አዳሾቹ የተከራዮቹን ዘመን አልፋቁትም። የደረጃው ግድግዳ ላይ የነበረው የኪራይ ዘመን ቀይና ሰማያዊ ቀለም አሁንም ይታያል። እኔ ሙዚየም አልሠራም፤ ልጆቼን ላሳድግበት ነው። ግን ከዚያ ቤት የተማርኩት አለ። የመቶ ሰው ኑሮም የቤቱ ታሪክ ነው።

በኔ ሳሎን ወለል ጥግ ላይ ሁለት ክብ የቃጠሎ ምልክቶች አሉ። ሊኖሊየሙን ስናነሳ ነው የወጡት። ጎን ለጎን ናቸው፣ አንዱ ከሌላው ትንሽ ይበልጣል። እንጨቱ እዚያ ጋ ጠቁሮ ትንሽ ጎድጉዷል። አንድ ሰው በዚያ ጥግ ምድጃ አስቀምጦ ለዓመታት አብስሏል። ወለል የሚልገው ባለሙያ «በማሽን ሁለቴ ባልፍበት ይጠፋል» አለ። እንዳይነካው ነገርኩት። አንድም ስለ ምልክቱ ነው። ደግሞም እርስ በርሱ የሚቆላለፍ ጣውላ በተላገ ቁጥር ይሳሳል፤ መቆላለፊያው ላይ ከተደረሰ ወለሉ አለቀ። ታጥቦ በሰም ተወለወለ፣ በቃ።

ከዚያው ወለል ላይ ሌላም ነገር አነበብን። ቤት ማንበብ ይቻላል፤ ይህን ነው ከሁሉ በላይ እንድታምኑኝ የምፈልገው። ጣውላው ላይ ቀጥ ብሎ የሚሄድ የቀለም ጠርዝ ካያችሁ እዚያ ጋ ግድግዳ ነበር ማለት ነው። በመስመር የተደረደሩ የምስማር ቀዳዳዎችም እንዲሁ። በር መቃን ላይ በእንጨት የተደፈነ ጎድጓዳ ቦታ የማጠፊያ ዱካ ነው፤ በሩ ወደየት ይከፈት እንደነበር ይነግራችኋል። ኮርኒሱ ዙሪያ ያለው የልስን ጌጥ በአንድ ግድግዳ ላይ ድንገት ከተቆረጠ ያ ግድግዳ ኋላ የመጣ ነው። ጌጡ ዞሮ ከታጠፈበት ግን ግድግዳው ቀድሞም ነበረ። እኛ ያፈረስነው ግድግዳ ላይ ጌጡ ዞሮ ነበር። ከተንጠለጠለው ቦርድ በላይ ስለነበር አላየነውም። አንዲት ቦርድ ብናነሳ ኖሮ!

ቀለምም ይናገራል። የጥፍር ጫፍ የምታህል ቅንጣት ተወስዳ በማይክሮስኮፕ ስትታይ ሽፋኖቹ እንደ መጽሐፍ ገጽ ተደራርበው ይታያሉ። ቲታኒየም ነጭ የሚባለው ቀለም ወደ ገበያ የገባው በ1920ዎቹ አካባቢ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሽፋን ቲታኒየም ከሆነ፣ የቀደመ ቀለም ተፍቆ ካልሆነ በቀር፣ ያ ግድግዳ ወይም ያ በር ከዚያ በፊት አልነበረም። ይህን ለማወቅ ቤት ማፍረስ አያስፈልግም።

በሮቹንም ልንገራችሁ። በ1950ዎቹና 60ዎቹ የድሮ በር ጌጥ አቧራ ይይዛል ተብሎ ወይም ለእሳት ጥንቃቄ ሲባል በላዩ ጠፍጣፋ ቦርድ ይመታ ነበር። እኔም ሁለት በር «ርካሽ ነው» ብዬ አስጥያለሁ። ሦስተኛውን አናጢው ከጥጉ ገለጥ ሲያደርገው ከሥሩ ባለ ስድስት ሰሌዳ ወፍራም የእንጨት በር ወጣ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ያኔ ሄደዋል። ያን ቀን አንጀቴ አረረ።

የሙያው ሰዎች ይህን ሁሉ ከረጅም ጊዜ በፊት ተናግረውታል። በ1877 ደራሲና ዲዛይነር የነበረው ዊልያም ሞሪስና ጓደኞቹ በእንግሊዝ የጥንታዊ ሕንፃዎች ጥበቃ ማኅበርን ሲያቋቁሙ ያስቆጣቸው ቸልተኝነት ብቻ አልነበረም። «እናድሳለን» እያሉ የድሮውን ልስን የሚልጡ ሰዎች ነበሩ ያናደዷቸው። በ1964 የወጣው የቬኒስ ቻርተር፣ ማለትም የታሪካዊ ሕንፃዎች ጥበቃ ዓለም አቀፍ የመርሆች ሰነድ፣ ደግሞ በአንቀጽ 9 ላይ እድሳት ግምት በሚጀምርበት ቦታ መቆም አለበት ይላል። በአንቀጽ 11 የየዘመኑ ተገቢ አሻራ ይከበር ይላል። ብዙዎቻችሁ እነዚህን መርሆች በመመሪያችሁ ውስጥ ጠቅሳችኋል። ታዲያ ቅጻችሁ ለምን ከግምት እንድንጀምር ያስገድደናል? መርሁ ግምት ሲጀምር ቁም ይላል። አሠራሩ ሳታይ ስመር ይላል። ሁለቱ አብረው አይሄዱም።

ስለ ደህንነት እንደምትጨነቁ አውቃለሁ፤ ትክክልም ናችሁ። ግን ቀድሞ መመርመር ለደህንነትም ነው የሚበጀው። በአሮጌ ቤት ውስጥ እርሳስ (ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ያለበት ቀለም ሊኖር ይችላል። አሜሪካ ለመኖሪያ ቤት የከለከለችው በ1978 ነው። በደረቁ ሲፋቅ ብናኙ ልጆችን ይጎዳል። አስቤስቶስም አለ፤ ብናኙ ሳንባን የሚጎዳ ጭረታማ ማዕድን ነው፤ ብሪታንያ ሙሉ በሙሉ የከለከለችው በ1999 ነው። ሰው ብዙ ጊዜ የማያስተውለው ነገር እዚህ አለ። የሚያስፈራው የድሮው ኖራ አይደለም። አስቤስቶስ በብዛት የሚገኘው ቤቱ በተከፋፈለበት ዘመን በገቡት ዕቃዎች ውስጥ ነው፤ በወለል ሰሌዳው፣ በማጣበቂያው፣ በቧንቧ መጠቅለያው። ማለትም ልናፈርስ የምንቸኩለው ክፍል ነው በጣም አደገኛው። ሳይመረመር በመዶሻ ሲመታ ሠራተኛው ነው የሚተነፍሰው።

ቧንቧውም እንደዚያው ነው። አምስት ኩሽናና አራት ሽንት ቤት በኋላ ሲገባ የፍሳሽ ቧንቧው መንገድ ይፈልጋል። መንገዱን ያገኘው የወለሉን ተሸካሚ እንጨቶች በመቁረጥ ነው። በአሜሪካ የመኖሪያ ቤት ግንባታ ደንብ (ኮድ) መሠረት እንዲህ ያለ እንጨት ከጠርዙ ሲጎረድ ከቁመቱ አንድ ስድስተኛ ማለፍ የለበትም፤ በርዝመቱ መካከለኛ ሲሶ ላይ ደግሞ ጭራሽ መጎረድ የለበትም። በእኔ ቤት ሁለተኛ ፎቅ፣ ልክ መሐል ላይ፣ ከግማሽ በላይ የተበላ እንጨት አግኝተናል። ከላዩ የገላ መታጠቢያ ገንዳ ነበር። ውሃ ሞልቶ ሰው ሲገባበት ስንት ኪሎ እንደሚሆን አስቡት። ያን ያገኘነው በአጋጣሚ ነው። በምርመራ ደረጃ ቢሆን በመጀመሪያው ሳምንት ይታይ ነበር።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። አንድ ገጽ ማመልከቻ ይኑር። ባለቤቱ በየክፍሉ የት የት እንደሚከፍት ይጻፍበት፤ መዳፍ የምታህል ቀዳዳ፣ አንድ ሁለት የወለል ጣውላ፣ ከኮርኒስ አንድ ቦርድ። የሚከፍተው አሮጌ ቤት የሚያውቅ ባለሙያ ይሁን። ከመክፈቱ በፊት ለእርሳስና ለአስቤስቶስ ናሙና ይወሰድ። የተገኘው ሁሉ ፎቶ ይነሳ፣ ቀዳዳው ይደፈን፣ ፎቶውና ማስታወሻው ለእናንተ ይቅረብ። ከናንተም አንድ ሰው መጥቶ ይይ። ዋናው ፕላን የሚሰመረው ከዚያ በኋላ ይሁን። ይህ ሥራ አያበዛባችሁም። እኔ ከመጀመሪያው ፕላን በኋላ ሦስት ጊዜ የማሻሻያ ጥያቄ አስገብቻለሁ፤ እያንዳንዱ ለእናንተም ሥራ ነው፣ ለእኔም ወራት ነው። ቀድመን ብናይ ኖሮ አንዱም ባላስፈለገ ነበር።

በዚያው ገጽ ላይ አንድ ጥያቄ ጨምሩ። «ከቀድሞ ነዋሪዎች ማንን አነጋገራችሁ?» ይበል። የሚገኝ ሰው ላይኖር ይችላል። ቢኖር ግን ጥያቄው ባለቤቱን ስልክ ያስነሳዋል። እኔን ባስነሳኝ ኖሮ እላለሁ።

መዝገብ ቤታችሁንም ክፈቱልን። ብዙ ቤት ሲከፋፈል በሕጋዊ ፈቃድ ነበር፤ ያኔ የቀረበው ፕላን የሆነ መደርደሪያ ላይ አለ። ያ ወረቀት ከመከፋፈሉ በፊት የነበረውንም ያሳያል። በአሜሪካ ከ1867 የጀመረው የሳንቦርን ኩባንያ ለእሳት ኢንሹራንስ ብሎ የሠራቸው የከተማ ካርታዎች የእያንዳንዱን ቤት ቅርጽና የተሠራበትን ነገር ያሳያሉ። ዛሬ ብዙዎቹ በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በኩል ለማንም ክፍት ናቸው። የራሴን ቤት ፋይል ለማየት ስጠይቅ የሚመለከተው ክፍል ሌላ ነው እየተባልኩ ከቢሮ ቢሮ ስመላለስ ከረምኩ። በመጨረሻ ሳገኘው ያ ግድግዳ በ1950ዎቹ ፕላን ላይ «ነባር» ተብሎ በጥቁር ተሰምሯል። ወረቀቱ ሲገኝ ግድግዳው አልነበረም።

ስለ ኖራ አንድ ነገር ልበል፤ ይህ ለእናንተ ትንሽ ሊመስላችሁ ይችላል። የድሮ ጡብ ለስላሳ ነው፤ የተያያዘውም በኖራ ነው። ኖራው ከጡቡ ይለሰልሳል፣ እርጥበትንም ያሳልፋል። ግድግዳው ውስጥ የገባው ውሃ በኖራው በኩል ተንኖ ይወጣል። በሲሚንቶ ሲደፈን ግን መውጫው ይዘጋል። ፖርትላንድ የሚባለው ሲሚንቶ የፈጠራ መብት ያገኘው በ1824 ነው፤ ለአዲስ ሥራ ድንቅ ነገር ነው። ለአሮጌ ጡብ ግን ይከብደዋል። ውሃው በጡቡ ፊት በኩል ለመውጣት ይገደዳል። ብርድ ባለበት አገር ውሃው ጡቡ ውስጥ በረዶ ይሆንና የጡቡን ፊት ገምሶ ይጥለዋል። ከሃምሳ ዓመት በፊት በሲሚንቶ የተደፈነው የቤቴ ጎን ዛሬ ፊቱ ተላጦ ቀይ ዱቄት ይረግፋል። ኖራው የቀረበት ጎን ደህና ነው። ሆኖም የሥራ ዝርዝሬ ተመልሶ የመጣው «ጠንካራ ሲሚንቶ ይጠቀስ» ተብሎ ነው። በአሮጌ ቤት ጠንካራ ማለት ጥሩ ማለት አይደለም። ኖራን በመመሪያችሁ ውስጥ አስገቡልን።

የእሳት ደንቡም ግልጽ ይሁን። ብዙ ቤተሰብ የሚኖርበት ቤት ራሱ የሚዘጋ የእሳት በር፣ የተከለለ ደረጃ፣ የየብቻ መውጫ ያስፈልገዋል። አንድ ቤተሰብ ሲገባበት የሚፈለገው ይለወጣል። የደረጃዬን ዙሪያ የከለለውን ቦርድ ማንሳት እችል እንደሆነ ለማወቅ አንዱ ባለሙያ ይቻላል፣ ሌላው አይቻልም አለኝ። እኔ ጥንቃቄ አልጠላም። እርስ በርሱ የተያያዘ የጭስ ማስጠንቀቂያ በየፎቁ አስገብቻለሁ። ግን የትኛው ደንብ እንደሚገዛኝ በመጀመሪያው ቀን ይነገረኝ።

አሁን ከባዱ ጉዳይ ላይ እንድረስ። ሰባት ክፍል አንድ ቤት ሲሆን ስድስት መኖሪያ ጠፋ ማለት ነው። ይህን ሳልናገር ባልፍ ደብዳቤዬ ሐቀኛ አይሆንም። ቺካጎ በ2021 የቤት ኪራይ በሚንርባቸው ሁለት አካባቢዎች ብዙ ቤተሰብ የሚይዙ ቤቶች ወደ አንድ መኖሪያ እንዳይለወጡ ገድባለች። አልወቅሳቸውም። ቤት በጠፋበት ቦታ ቢሮው «አይሆንም» የማለት መብት አለው። በእኔ እምነት ሰው እየኖረበት ያለ ቤት ከሆነ ተከራዮቹ ጊዜና መሄጃ ሳያገኙ አንድ ምስማር መነቀል የለበትም። እኔ ስገዛ ቤቱ ባዶ ነበር፤ ባይሆን ኖሮ እንደማልገዛው ለራሴ ወስኜ ነበር። የምለምነው መልሱ እምቢም ቢሆን ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት እንዲነገረው ነው። ዋናው ቤት ተመልሶ ከጓሮ ወይም ከምድር ቤት አንድ የኪራይ መኖሪያ ማስቀረት የሚቻልበትም ቤት አለ። ያንን ጥያቄ በጥሩ ዓይን እዩት።

ገንዘቡን በአጭሩ ልንካው። በብሪታንያ የቤቱ መኖሪያዎች ቁጥር የሚለወጥበት ሥራ፣ ከብዙ ወደ አንድ መመለስም ጭምር፣ በ20 ፋንታ 5 ከመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ሊከፈልበት ይችላል። በአሜሪካ ግን ለታሪካዊ ሕንፃ እድሳት የሚሰጠው የፌዴራሉ የ20 ከመቶ የታክስ ቅናሽ ገቢ ለሚያስገባ ሕንፃ ነው። ባለቤቱ ራሱ ለሚኖርበት ቤት አይሰጥም። እናንተ ታክስ አትወስኑም፤ ይገባኛል። ነገር ግን ቅናሽ በሚኖርበት ቦታ ፈቃድ ስትሰጡ አብራችሁ ብትነግሩን ብዙ ሰው አናጢውን ትቶ ርካሽ ሠራተኛ ከመቅጠር ይድናል።

ግድግዳውን መልሰን ሠርተነዋል። ቀጫጭን እንጨት መትተን፣ ኖራ አቡክተን፣ ሦስት እጅ ለስነን። የመጨረሻው ልስን እስኪደርቅ ሳምንታት ጠበቅን። ከላይ ያለው በር አሁን ይዘጋል። የቬኒስ ቻርተር በአንቀጽ 12 የተተካው ከድሮው እንዲለይ ይጠይቃል። ስለዚህ ከልስኑ ጀርባ፣ በእንጨቱ ላይ፣ አናጢው የሠራንበትን ዓመት በእሳት ጻፈ። ከባልዲው ምስማሮች ውስጥ ደህናዎቹን አቅንተን መልሰን ተጠቅመንባቸዋል። ጌጡ ግን ተመልሶ ያው አይሆንም።

በሁለተኛው ፎቅ ያልነካኋቸው ሁለት ግድግዳዎች አሉ። አንደኛው ኋላ የመጣ ይመስለኛል። ሁለተኛውን አላውቀውም። ሁለቱም ፕላኑ ላይ አሁንም በቀይ እንደተሰመሩ ናቸው፤ የማፍረስ ፈቃድ አለኝ። የሌለኝ መዳፍ የምታህል ቀዳዳ ከፍቶ የማየት ፈቃድ ነው። ማመልከቻዬ ጠረጴዛችሁ ላይ ነው። እስክትመልሱልኝ ድረስ መዶሻ አላነሳም።

ከአክብሮት ጋር፣
የአንድ አሮጌ ቤት ባለቤት